ከግራሩ ወዲህ፣ ከግራሩ ወዲያ

1.

ቦታ፦ ሰባት ግራር፣ የመንደሩ መውጫ
ተሽከርካሪ፦ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ
የተፈቀደ ፍጥነት፦ 50
የተመዘገበ ፍጥነት፦ 83
አሽከርካሪ፦ ላቀው ገብረማርያም
የአሽከርካሪው አስተያየት (ካለ)፦ ፎቶው አያምርም። ድገሙት።

2.

አስተያየቱን እውነትም ጽፎታል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭኖ። የቅጣት ወረቀቱን የተቀበለችው የቢሮ ሠራተኛ አነበበችውና ሳቋን ዋጥ አድርጋ ማኅተሟን መታችበት። እሱ አልሳቀም። ላቀው ሲሰድብ አይስቅም፤ መሳቅ ለተሰዳቢው ክብር መስጠት ይመስለዋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና አዲስ አበባ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው አልገጨም፣ አህያ አልገጨም። ዶሮስ? «በኔ ጎማ የሞተች ዶሮ የለችም፤ የሞተች ካለች በልብ ድካም ነው» ይላል። ይህን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ሌላው ሹፌር የቅዱስ ሥዕል በሚሰቅልበት ቦታ እሱ የሰቀለው የራሱን የምስክር ወረቀት ነው፤ «ያለ አደጋ ላሽከረከሩ» የሚል፣ ከነመስተዋቱ።

ከዚህ በኋላ ንቀት ይበዛል። ንቀት የማይስማማው አንባቢ ሌላ መኪና ይሳፈር። መናኸሪያው ሰፊ ነው።

3.

ላቀው የሚንቃቸው፣ እንደ አመጣጣቸው፦

መሪውን በአንድ እጅ፣ ስልካቸውን በሌላው ይዘው የሚሄዱ የቤት መኪና ባለቤቶች።

የባጃጅ ነጂዎች። («ነጂ አትበላቸው። መሪው ፊት የተቀመጡ ተሳፋሪዎች ናቸው።»)

የሲኖ ትራክ ሹፌሮች፣ አንድም ሳይቀር።

ገና ሲሳፈሩ እንቅልፍ የሚወስዳቸውና ሲነቁ «የት ደረስን?» የሚሉ።

የማይተኙና «ቀስ በል» የሚሉ።

ሹፌር ነድቷቸው ስለ መንዳት ሊያስተምሩ የሚመጡ ባለሙያዎች።

ይህን የሚጽፈው ሰው። (መንጃ ፈቃድ የለውም። ተጠይቆ አምኗል።)

አሞራዋ።

4.

አሞራዋ ነጭ ሚኒባስ ናት። በኋላ መስኮቷ የፍጥነት ካሜራ ተገጥሞላት፣ ከቡታጅራ አለፍ ብሎ ሰባት ግራር የምትባል መንደር መውጫ ላይ ትቆማለች። የመንደሯ ስም ሰባት ግራር ይሁን እንጂ የቀረው ግራር አንድ ነው፤ ስድስቱ ከሰል ሆነዋል። በቀረው በአንዱ ጥላ ሥር አሞራዋ ከነሳጅኗ ተጎልታ ትውላለች። ስሙን ያወጡላት ሹፌሮች ናቸው። የወደቀ ትጠብቃለች፤ ራሷ አታድንም፣ የታደነም አያመልጣትም።

ከግራሩ በፊት ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ «50» የሚል ምልክት አለ። ከግራሩ በኋላ መንደሩ ያልቃል፤ መንገዱ ዘርጋ ይልና ወደ ጠባቡ ድልድይ ይወርዳል።

ቦታው ይኸው ነው። ሌላ ማስታወስ አያስፈልግም።

5.

አሞራዋን እንዴት ታልፋታለህ? (ለአዲስ ሹፌር)

ሀ. ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ሁለት ጊዜ ቦግ ካደረገልህ፣ አለች ማለት ነው።

ለ. ፍሬን ያዝ። እንደ ሙሽራ መኪና ተራመድ።

ሐ. ግራሩ ጋ ስትደርስ ለሳጅኑ እጅ ንሣ። ፈገግ በል። አንተ ጨዋ ሰው ነህ።

መ. ግራሩ በስፖኪዮህ ውስጥ ማነስ ሲጀምር ነዳጁን ርገጥ። የባከነብህን ጊዜ መልስ።

ሠ. ለሚመጣው አንተም ቦግ አድርግለት። ሹፌር ለሹፌር ካልተዛዘነ ማን ያዝንለታል?

በዚያ መንገድ ላይ ይህን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም። ላቀውም ያደርገዋል። ለሚንቃቸው ሲኖ ትራኮች እንኳ ቦግ ያደርግላቸዋል፤ እየሰደባቸው።

6.

ኅዳር ላይ አንድ ፒክአፕ ግራሩን በሙሽራ አካሄድ አለፈ፣ ነዳጅ ረገጠ፣ ድልድዩ ላይ ተገለበጠ።

መጀመሪያ የደረሰው ላቀው ነው። በሩን በብረት ፈልቅቆ ሦስት ሰው አወጣ፤ ሁለቱ ሞተው ነበር። ሦስተኛው በእቅፉ ውስጥ ሳለ «ስልኬን» አለው። ላቀው ጎንበስ ብሎ ስልኩን ሲፈልግ ሰውየው አለፈ።

በማግስቱ መናኸሪያ ውስጥ ሹፌሮች ከበውት ሳለ እንዲህ አለ፦

«ፍጥነት አይደለም የገደላቸው። እሷ ናት። መንገድ እንዲያዩ ሳይሆን እሷን እንዲያዩ አስተማረቻቸው። ሰው ሃምሳ ሜትር ጨዋ ሆኖ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢያብድ፣ ይህ ምን ደህንነት ይባላል?»

ንግግሩ ጥሩ ነበር። ጥሩ ንግግር ደግሞ እግር አለው፤ በሳምንቱ ሆሳዕና ደረሰ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሹፌሮች አሞራዋ ትነሣልን ብለው ባዘጋጁት አቤቱታ የመጀመሪያው መስመር ሆነ። ሁለት መቶ ፊርማ ያለበት አቤቱታ። በላይኛው የትራፊክ ቢሮ ስብሰባ ላይ የሚቀርብ።

7.

(ከመናኸሪያው ሻይ ቤት። ስንታየሁ የሹፌሮች ማኅበር ሊቀመንበር ነው።)

ስንታየሁ፦ ጋሽ ላቀው፣ ስብሰባው ላይ የምትናገርልን አንተ ነህ።

ላቀው፦ ሊቀመንበሩ አንተ አይደለህ እንዴ?

ስንታየሁ፦ እኔ ሁለቴ ገጭቻለሁ። ማን ይሰማኛል?

ላቀው፦ ሦስቴ።

ስንታየሁ፦ ሦስተኛው የቆመ መኪና ነው።

ላቀው፦ ይባስ!

ስንታየሁ፦ አየህ? ለዚህ'ኮ ነው አንተ የምታስፈልገው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልገጨ ሰው ተነሥቶ «ይህቺ መኪና አትጠቅምም» ካለ፣ ማን አፉን ይከፍታል?

ላቀው፦ ማንም።

ስንታየሁ፦ ማንም!

8.

እቴነሽን እስካሁን ያላስተዋወቅናት ጸሐፊው ረስቷት ሳይሆን እሷ እንደዚህ ስለሆነች ነው፤ ካልተፈለገች አትታይም። ዐሥራ አንድ ዓመት የላቀው ረዳት ሆና ሠርታለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። በሩ ጋ ቆማ ታሳፍራለች፣ ታወርዳለች፣ መንገዱን ታያለች። ላቀው ከማይንቃቸው ጥቂት ሰዎች አንዷ ናት፤ ይህን ግን ነግሯት አያውቅም።

9.

ላቀው ይህ ቁጥር ባዶ እንዲቀር ፈልጎ ነበር። አልተሳካለትም።

ጥር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። የገበያ ቀን ነው፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። ስብሰባው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ ላቀው መሪውን ይዞ ንግግሩን በሆዱ ይለማመዳል። የፍጥነት መቁጠሪያው ሰማንያን አልፏል። የሃምሳዋ ምልክት ከሩቅ ትታያለች፤ እሱ ግን ምልክት አይቶ እግሩን ከነዳጅ ካነሣ ዓመታት ሆኖታል። ምልክት ፎቶ አያነሣም።

ከፊት ለፊት የሚመጣ ሲኖ ትራክ መብራቱን ቦግ፣ ቦግ አደረገ።

«ዛሬም ተጎልታለች» አለና ላቀው ፍሬን ያዘ።

ሰማንያ። ሰባ። ስልሳ። ሃምሳ። አርባ ስምንት።

በስተቀኝ ስሚንቶ የሚያራግፍ መኪና ቆሟል። ከዚያ መኪና ጀርባ አንድ ፍራሽ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

ፍራሽ።

እግር ያለው።

ሴትዮዋ አዲሱን የስፖንጅ ፍራሽ አጥፋ በጭንቅላቷ ተሸክማዋለች። ጠርዞቹ በግራና በቀኝ ወርደው ጆሮና ዓይኗን ጋርደዋታል፤ ከፊት ለፊቷ በቀር የምታየው የለም። ላቀው ክላክሱን ተጭኖ ያዘው። አልሰማችም። በፍሬኑ ላይ ቆመበት፤ እውነትም ቆመበት፣ መቀመጫው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ በሁለት እግሩ።

10.

ቆመ።

11.

በአውቶቡሱ አፍንጫና በፍራሹ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነው።

ሴትዮዋ ዘወር አለች። አውቶቡሱን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ በመዳፏ ግንባሩን ጧ አድርጋ መታችውና «ዓይንህን ጨው በላው እንዴ፣ አንተ ሽማግሌ!» አለች። ፍራሿ ተነክቶ እንደሆነ ዳሰሰችው። ራሷን አልዳሰሰችም። መንገዷን ቀጠለች።

ከኋላ ጩኸቱ ቀለጠ። የአንዱ ቲማቲም ተደፍቷል፣ የአንዷ ግንባር ከፊት ወንበር ጋር ተጋጭቷል። «ለአንድ ሴትዮ ብለህ እኛን ልትጨርሰን ነው?» አለ አንድ ባለ ኮፍያ። አንድም ሰው «እግዚአብሔር ይስጥህ» አላለም።

ላቀው ማርሽ ማስገባት አቃተው። እቴነሽ ከበሩ መጥታ አጠገቡ ቆመች፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ስንት ነበርን፣ ጋሼ?»

«ምኑን?»

«ፍጥነቱን።»

«ሃምሳ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት ሴትዮዋ አልነበረችም።»

«ነበረች፣ ጋሼ። ከመኪናው ጀርባ ነበረች።»

12.

በእረፍት ቀኑ በሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ ሰባት ግራር ወረደ። ለሚስቱ ገበያ እሄዳለሁ ብሏት ነበር፤ ዘንቢልም ይዟል። (ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ስልሳ ዓመት የተጠጋ ሰው ባዶ ዘንቢል አንጠልጥሎ አስፋልት ላይ እርምጃ ሲቆጥር።)

የጎማው ጥቁር ምልክት አልጠፋም። ፍራሹን መጀመሪያ ካየበት ቦታ እስከቆመበት ድረስ ቆጠረ። አርባ አራት እርምጃ። ተመልሶ ቆጠረ።

አርባ አራት።

ያ አውቶቡስ ሞልቶ በሰማንያ ሦስት ሲሄድ ለመቆም ከመቶ እርምጃ በላይ ይፈልጋል። ይህን ማንም ባለሙያ ሊነግረው አይችልም፤ በእግሩ ጣት ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ኩራቱ የሆነው ያ እግር አሁን መሰከረበት። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነበር።

የነጯ ሚኒባስ በር ተከፈተና ሳጅኑ ወረደ። ሳጅን ኡርጌሳ ይባላል። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል።

«አባት፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?»

«የለም።»

«እርስዎ 'ድገሙት' ያሉት ሹፌር አይደሉም? ቢሮ ውስጥ ወረቀትዎን ለጥፈነዋል። ሰኞ ሰኞ እናነበዋለን።»

ላቀው ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሮ፣ «ሳጅን፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ» አለ። «እዚህ መቆምህ ይጠቅማል?»

ሳጅኑ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። የሚናቅ ሰው ነው፤ በቀን ሦስት መቶ ሰው እጅ እየነሣ የሚሰድበው። ስለዚህ ለመልሱ አልተጨነቀም።

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ከግራሩ ወዲህ ሰው አልሞተም። ድሮ በዓመት አራትም አምስትም ነበር። ከግራሩ ወዲያ ግን ሦስት ሞተዋል፤ ድሮ እዚያ አደጋ አይታወቅም። የት ልቁም?»

«ድልድዩ ጋ።»

«ድልድዩ ጋ ብቆም እዚህ ይረገጣል።»

«ሁለቱም ጋ ነዋ!»

«እኔ አንድ ነኝ፣ አባት። እናንተ ስንት ናችሁ?»

13.

ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ፣ አጀንዳ አንድ፦

«ከላይኛው ቢሮ የመጡት ባለሙያ እንደገለጹት፣ በሰባት ግራር የተሰማራው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተሽከርካሪ የትራፊክ አደጋን በመቶ ፐርሰንት ቀንሷል።*»

* ከግራሩ ወዲህ ያለው ብቻ ተቆጥሮ። የግርጌ ማስታወሻው በቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም፤ እዚህ የተጨመረ ነው።

14.

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሹፌሮቹ በግራ፣ የቢሮ ሰዎች በቀኝ፤ መሐል ላይ የታሸገ ውኃ። ባለሙያው አቶ ያፌት ይባላል፤ ሹፌሩ ውጭ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቀዋል። በስላይዱ ላይ ቀይ መስመር ከላይ ወደ ታች ወርዶ መሬት ነካ። አጨበጨቡለት። በግራ ያሉት አጉረመረሙ።

ስንታየሁ ማይኩን ለላቀው አቀበለው።

ላቀው ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። እቴነሽ ከኋላ ተቀምጣለች፤ አላያትም፣ እንዳለች ግን ያውቃል።

«ኅዳር ላይ ከድልድዩ ሦስት ሬሳ ያወጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «እናንተ ስላይድ ላይ የሉም። እኔ እጅ ላይ አሉ። የገደላቸው ፍጥነት አይደለም...»

የግራው ወገን ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቀዋል፤ ከሱ ጋር አብሮ ጨረሰው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስንታየሁ ቆሞ አጨበጨበ። እዚህ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ አሸንፎ ነበር።

ግን

አልተቀመጠም።

«ግን ጥር ላይ» አለ፣ ድምፁ ወረደ፣ «እኔ ራሴ ሰው ልገድል ነበር።»

ጭብጨባው በየወንበሩ ተንጠባጥቦ አለቀ።

ነገራቸው። ፍራሹን፣ ስሚንቶውን፣ አርባ አራቱን እርምጃ። «በሃምሳ የሄድኩት ምልክቱን አክብሬ አይደለም። እሷን ፈርቼ ነው። ባትኖር ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም፤ ወህኒ ነበርኩ። ሴትዮዋም ፍራሿ ላይ ተኝታ አታውቅም ነበር።»

«ተገዛ!» አለ አንድ ድምፅ ከግራ። «ቅጣቱን ሠርዘውለት ነው!» አለ ሌላው። ሳቅ ተነሣ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚንቃቸው ሰዎች፣ በአንድ አፍ፣ በጠራራ ቀን፣ ናቁት።

አቶ ያፌት ግን ፊቱ በርቶ ተነሣ። «ድንቅ ምስክርነት ነው! አባታችን፣ ይህንኑ ለቪዲዮ ቢደግሙልን። ለሕዝብ ግንዛቤ...»

ላቀው ወደ እሱ ዞረ።

«አንተን ማን አናገረህ? መስመርህ መሬት የነካው እኮ ሙታኑን ሁለት ኪሎ ሜትር ወዲያ ስለገፋሃቸው ነው። ያንን በፐርሰንት ቁጠርልኝና ቪዲዮ አነሣልሃለሁ። እሷን እጠላታለሁ። ሴትዮዋ ደግሞ በሕይወት አለች። ሁለቱንም ጻፉ!»

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ወጣ።

15.

ከቃለ ጉባኤው፣ የመጨረሻው መስመር፦

«አቶ ላቀው ገ/ማርያም የድጋፍ አስተያየት ሰጥተዋል።»

16.

ሹፌሮች አልደበደቡትም፣ ጎማውን አላስተነፈሱበትም። ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቁለታል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ስንታየሁ ሰላምታውን በአንገቱ ብቻ ይሰጣል። ሌላ ቅጣት ደግሞ አለ፤ ይህን ያገኘው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ብልህ ሰው መሆን አለበት፦

ማንም መብራት አያበራለትም።

ከፊት የሚመጣው አውቶቡሱን ከሩቅ ይለይና ድፍን ብሎ ያልፋል። አሞራዋ ትኑር አትኑር፣ ግራሩ ሥር ትሁን ቦታ ቀይራ ወደ ድልድዩ ትውረድ፣ ላቀው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት አንገቱን እያሰገገ ቁጥቋጦውን ሁሉ ይመረምር ነበር። በሁለተኛው አንገቱን አመመው። በሦስተኛው ምልክት ባየ ቁጥር እግሩን ያነሣ ጀመር። ሃምሳ ሲል ሃምሳ፣ ሠላሳ ሲል ሠላሳ። ሆሳዕና የሚደርሰው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ሆነ። ደንበኞቹ ወደ ሌላ መኪና ይሄዳሉ።

«ስንፍና ያዘህ ይሉሃል» አለችው እቴነሽ አንድ ቀን፣ በሩ ላይ ቆማ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«አንቺስ?»

እቴነሽ መንገዱን አየች። «እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበሩን ብረት ጨብጬ ነበር የምሄደው» አለች። «ሰሞኑን ለቀቅ አድርጌዋለሁ።»

ላቀው ማርሽ ቀየረ። ንቀት የለመደ አፍ ለሌላ ነገር ቃል ቶሎ አያገኝም።

17.

ግንቦት ላይ አሞራዋ ጠፋች። ካሜራዋ ተበላሽቶ ነው ተባለ፤ ወደ ሌላ መንገድ ተዛውራ ነው ተባለ። ስንታየሁ አቤቱታችን ሠራ ብሎ መናኸሪያ ውስጥ ለስላሳ ጋበዘ። ሳጅን ኡርጌሳ ከእሷ ጋር ሄደ። ግራሩ ሥር የከሰል ነጋዴዎች ጆንያ ደረደሩ።

መንገዱ እንደ ድሮው ሆነ። ከግራሩ ወዲህም፣ ከግራሩ ወዲያም፣ ይረገጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ትጠቅም ነበር ወይስ አትጠቅምም?» ብሎ ጸሐፊውን ሊጠይቅ ይችላል። ጸሐፊው መንጃ ፈቃድ የለውም።

18.

ሰኔ። የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱን አርሶት አልፏል። ጋቢና ውስጥ፣ ከላቀው ጎን፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ተቀምጧል፤ ሆሳዕና ሰርግ አለበት፣ ሰዓቱን በየደቂቃው ያያል። ከኋላ አንድ አይሱዙ ክላክስ እያምባረቀ አለፋቸው። አንድ ሚኒባስም አለፈ። ባጃጅ፣ ባጃጅ እንኳ፣ አለፈቻቸው።

የሰባት ግራርን የሃምሳ ምልክት አልፈዋል፤ ላቀው ሃምሳ ላይ ነው።

ጎረምሳው ትዕግሥቱ አለቀ። ፊት ለፊቱን አየ፤ ጥርት ያለ ባዶ መንገድ። ወደ ኋላ አየ። ከዚያ፣ ሹፌር በሚናቅበት፣ ላቀው በደንብ በሚያውቀው ድምፅ፦

«ጋሼ፣ ካሜራው ተነሥቷል እኮ። ትራፊክ የለም። ሰው የለም። ማንን ነው የምትፈራው?»

እቴነሽ ከበሩ ዘወር አለች።

ላቀው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ እንዲህ ሲል መለሰለት፦

19.

«ከመኪናው ጀርባ ያለችውን።»